ጡረታ ወጣችሁ፣ ነገ ጠዋት ማን ይጠብቃችኋል?

60 ሊሞላችሁ የተቃረባችሁ ወይ አምና ዘንድሮ የወጣችሁ ሰዎች ይሄ ለናንተ ነው። ልጆችም ብታነቡት አይከፋም፣ በተለይ ከሶፋ ወደ በረንዳ ሲመላለስ የሚውል አባት ቤት ያላችሁ።

ጡረታ ሲባል ሁሌ የምትሰሙት "በቃ እረፉ፣ ደክማችኋል" ነው። እረፉ፣ አንድ ሁለት ወር ተኙ፣ ዘመድ ጠይቁ፣ እንሄዳለን ስትሉ የኖራችሁበትን ገዳም ሂዳችሁ ተሳለሙ። ከዛ በኋላ ያለው ነው ከባዱ። እኔ እንዳየሁት ሰውን የሚሰብረው የሚጠብቀው ሰው ማጣቱ ነው። መስሪያ ቤት እያላችሁ አንድ ቀን ብትቀሩ ስልክ ይደወላል፣ ፊርማ የሚፈልግ አለ፣ ቁልፉ እናንተ ጋር ነው፣ አሁን ግን ሳምንት ብትተኙ ማንም ልብ አይልም። ስለዚህ አዲስ ነገር ስትይዙ "ደስ ይለኛል ወይ" ብላችሁ ብቻ አታቁሙ፣ "ማክሰኞ ሶስት ሰአት ላይ ብቀር ማን ደውሎ የት ጠፋህ ይለኛል?" በሉ። የሚደውል ሰው ያለበት ነገር ይዘልቃል፣ ሌላው በሁለት ሳምንት ይረሳል።

ግን መጀመሪያ ብሩን በቁጥር እወቁት። የመንግስት ሰራተኛ ከነበራችሁ ስሌቱ የመጨረሻዎቹ ሶስት አመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው፣ ለ10 አመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዛ በላይ ለያንዳንዱ አመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ ቢበዛ እስከ 70 በመቶ ይሄዳል። 30 አመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው፣ ግማሽ ደመወዝ በሉት፣ አበሉና ሰርቪሱ ደግሞ ቀርቷል። ይሄን የማነሳው የገንዘብ ጭንቀትና ስራ መፍታት አንድ ላይ ስለሚመጡና ሰው ሁለቱን ስለሚያምታታቸው ነው፣ ከዛ ፕሮቪደንት ፈንድ (ስራ ላይ እያለ የተጠራቀመለት ብር) ወይ የስንብት ክፍያ የተቀበለው ሰውዬ ቤት መቀመጡ ስላቃጠለው ብቻ ብሩን ሙሉ አውጥቶ ያሮጌ ሚኒባስ ባለቤት ይሆናል፣ ከዛ ሹፌር፣ ረዳት፣ ጋራዥ፣ ትራፊክ... ጡረታ ነው ይሄ? የመጀመሪያውን አንድ አመት ትልቅ ብር አታንቀሳቅሱ። የመጣ ዘመድ ሁሉ "አብረን እንስራ" ይላችኋል፣ "ዘንድሮ አልወሰንኩም" በሉና እለፉ።

ወረቀታችሁንም ሳትወጡ ጨርሱ። ፋይላችሁ ላይ ያለው የልደት ቀንና ስም መታወቂያችሁ ላይ ካለው ጋር ይግጠም፣ የቅጥር ደብዳቤ፣ ከሌላ መስሪያ ቤት ተዛውራችሁ ከሆነ የዛ ማስረጃ፣ የጋብቻና የልጆች ወረቀት አንድ ክላሰር ውስጥ ይግባ። ሰው ሀብት ያለችው ልጅ አሁን ታውቃችኋለች፣ ከሁለት አመት በኋላ እሷም ልትቀየር ትችላለች።

ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ እባካችሁ የድሮ መስሪያ ቤታችሁ ካፌ አትመላለሱ። አንድ ቀን ሰላም ለማለት ጥሩ ነው፣ በየሳምንቱ ከሆነ ግን ልጆቹ ስራ ላይ ናቸው፣ እናንተም "በኛ ጊዜ እኮ..." ትጀምራላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ሰው የሚንቀው ግን እኔ አንደኛ የማደርገው እድር ነው። ብዙ እድር ያለው ችግር ምን መሰላችሁ፣ ጸሀፊው ስራ ይበዛበታል፣ መዝገቡ በእጅ የተጻፈና የተሰረዘ ነው፣ ማን ስንት ውዝፍ እንዳለበት አይታወቅም፣ ድንኳኑ ተቀዷል፣ ብረት ድስቱ ማን ቤት እንደቀረ አይታወቅም። ሂሳብ ሰራተኛ የነበረ ሰው እዚህ ቢገባ በሁለት ወር ኤክሴል ላይ አስገብቶ ያስተካክለዋል። ንብረት ክፍል የነበረ ሰው ቆጠራ ያደርጋል፣ ነርስ የነበረች ሴት የታመመ አባል ጠያቂ ቡድን ታቋቁማለች። ደሞ እድር ውስጥ የሚደውል ሰው አይጠፋም፣ ሞት ሰአት አይጠይቅም፣ ስልኩ በሌሊትም ይጮሃል። አገባቡ ቀላል ነው፣ ጠቅላላ ጉባኤ እስኪደርስ አትጠብቁ፣ ጸሀፊውን ሻይ ጋብዙና "ምን ላግዝህ" በሉት። ሊቀመንበር ልሁን ብላችሁ ግን አትጀምሩ፣ ስልጣን ፈልጎ ነው ይባላል፣ እውነትም ሊሆን ይችላል። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴም ያው ነው፣ የውሃ ፓምፑ፣ ጥበቃው፣ ቆሻሻው፣ ሁሉም የሚያማርርበት ማንም የማይነካው ስራ ነው፣ እንደውም ከእድር ይልቅ ጭቅጭቁ ይበዛል፣ ግፊት ያለባችሁ አስቡበት።

አስተማሪ የነበራችሁ ደግሞ ተፈላጊ ናችሁ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ያንን የሰማ ወላጅ ሁሉ ሂሳብና ፊዚክስ የሚያስረዳለት ሰው ፍለጋ ላይ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ኮሙናሉ (የኮንዶሚኒየሙ የጋራ ቤት) ክፍት ከሆነ ኮሚቴውን አስፈቅዱ፣ ነጭ ሰሌዳና ማርከር ግዙ፣ ከሰፈር አምስት ስድስት ልጅ ይዛችሁ ጀምሩ፣ ከዛ በላይ አትያዙ ትደክማላችሁ። ክፍያ ላይ እኔ የምለው፣ የሚችለው ይክፈል፣ የማይችለው ልጅ በነጻ ይግባ ግን ከቀረ ይጠየቅ፣ በነጻ ነው ብሎ እንደፈለገ የሚመጣ ከሆነ እሱም አይማርም እናንተም ትሰላቻላችሁ። አስተማሪ ያልነበራችሁም እኔ ምን ላስተምር አትበሉ፣ መካኒክ፣ ልብስ ሰፊ፣ ኤሌክትሪሻን የነበረ ሰው ስራ የሚያለማምደው ጎረምሳ ሰፈሩ ውስጥ አይጠፋም።

ለሰውነታችሁ። የአለም ጤና ድርጅት 65 እና ከዛ በላይ ለሆነ ሰው የሚለው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፣ በአምስት ቀን ብታካፍሉት በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ። ማውራት የምትችሉበት ግን መዝፈን የማትችሉበት ፍጥነት። ሰው የሚረሳው ሌላኛውን ነው፣ ሚዛን መጠበቂያ ልምምድ በሳምንት ሶስት ቀን፣ ምክንያቱም በዚህ እድሜ የሚፈራው መውደቅ ነው። ግድግዳ አጠገብ ሆናችሁ ባንድ እግር ቁሙ፣ ወንበር ላይ እጅ ሳትደገፉ ተነሱ ተቀመጡ። ስኳር፣ ልብ፣ ጉልበት ያለባችሁ ሀኪማችሁን ጠይቁና ጀምሩ። ከሁሉ የሚሻለው እርምጃውን ካለ ነገር ጋር ማሰር ነው፣ ጠዋት ኪዳን የምታደርሱ ከሆነ በግራችሁ ሂዱ፣ ከሱብሂ ሰላት በኋላም ከመስጊድ ሰዎች ጋር አንድ ዙር መዞር ይቻላል። አዲስ አበባ ያላችሁ እንጦጦ ፓርክ ደስ ይላል ግን ከፍታው አንዳንድ ቦታ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ ቀስ በሉ፣ ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም። ጓደኛ ይኑራችሁ፣ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ካለ ብርዱም ሰበብ አይሆንም።

ግቢ ያላችሁ ዶሮ። ከአንድ ቀን ጫጩት አትጀምሩ፣ ማሞቂያ ምናምን ጣጣ አለው፣ የ45 ቀን ግዙ፣ የፈንግል ክትባት መውሰዳቸውን ጠይቁ፣ አምስት ወር አካባቢ ሲሆናቸው እንቁላል ይጀምራሉ። ዶሮ አይደውልም ግን ጠዋት ካልመጣችሁ ይንጫጫል፣ ያው ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ አይሆንም፣ በረንዳ ላይ የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ቆስጣ ዝሩ፣ የውጭውን ቅጠል ብቻ ስትቀነጥቡ ከመሀል እያበቀለ ይቀጥላል።

ባለትዳር ወንዶች፣ ማድቤት አትግቡ። ማለቴ ልታግዙ ግቡ እንጂ ልትቆጣጠሩ አትግቡ። ሚስቶቻችሁ ያንን ቤት ያለናንተ 30 አመት አስተዳድረውታል፣ ዘይት ለምን በዛ ማለት ስራ አይደለም። አንድ የራሳችሁ ድርሻ ጠይቁ፣ ገበያው ወይ የልጅ ልጅ ማመላለሱ፣ እሱን ሙሉ በሙሉ ያዙ።

አንድ ነገር ደሞ በቁምነገር። ጡረታ የወጣው ሰው እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ቤተ ክርስቲያንም እድርም አልሄድም ካለና ይሄ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ "ጡረታ ነው ይለመዳል" አትበሉ፣ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሀኪም ቤት ውሰዱት። ይታከማል። ቀን ቀን ድራፍት ቤት መዋል የጀመረም እንደዛው።

የመጨረሻው አሜሪካ ነው፣ ልጆች "እማዬ ነይና ልጁን ያዢልን" የሚሉት። ሂዱ፣ የልጅ ልጅ የመሰለ የለም፣ ግን ተነጋግራችሁ ሂዱ። በጎብኚ ቪዛ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው እስከ ስድስት ወር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ህፃን ይዞ አፓርታማ ውስጥ መዋል ስድስት ወር ረጅም ነው፣ በተለይ መኪና ለማይነዳ ሰው፣ በተለይ በክረምት በረዶ። ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይ መስጊድ በእሁድ ወይ በጁምአ ማን ይወስደኛል፣ የእረፍት ቀኔ የቱ ነው፣ በእግር የሚደረስ ፓርክ አለ ወይ። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ከሆነ አበሻ አይጠፋም፣ የቡና ጓደኛ በሁለት ሳምንት ታገኛላችሁ፣ ሩቅ ስቴት ከሆነ ግን ልጃችሁ ራሱ ማስተዋወቅ አለበት። የግፊትና የስኳር መድሃኒታችሁን ለቆይታችሁ የሚበቃ ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ያዙ፣ የጉዞ ኢንሹራንስም አስገቡ፣ እዛ ያለ ኢንሹራንስ ሀኪም ቤት መሄድ የልጃችሁን ኪስ ያራግፋል።