ውድቅ የሆነ የውሳኔ ሐሳብ ደጋግሞ ሲመጣ ቦርዱ እንዴት ያስተናግደው?

ባለፈው ስብሰባ ውድቅ የተደረገ የውሳኔ ሐሳብ ዛሬም በአጀንዳው ላይ ሲገኝ፣ አብዛኛው ሰብሳቢ «ይህ ተወስኖበታል» ብሎ ሊዘጋው ይሞክራል። እንዲህ ማድረግ ግን አይችልም። የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ የነበረው ሄንሪ ሮበርት እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው፣ ዛሬም ብዙ ቦርዶች በሚመሩበት የስብሰባ ሥነ ሥርዓት መሠረት፣ ውድቅ የሆነ ሐሳብ በዚያው ስብሰባ እንደገና አይቀርብም፤ በሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባ ግን ማንም አባል ሊያነሣው ይችላል። ስለዚህ ሐሳቡን ያመጣውን ሰው ከመቆጣት፣ ሐሳቡ ምን ያህል ሰዓት እንደሚወስድ መወሰን ይሻላል።

በቅድሚያ የቦርዱን መተዳደሪያ ደንብና ተቋሙ የሚገዛበትን ሕግ ይመልከቱ። ከእነዚህ ጋር የሚጋጭ የስብሰባ ሥነ ሥርዓት አይሠራም።

ቀጥሎ ቃለ ጉባኤውን ያውጡ። ትልቁ ሥራ ያለው እዚህ ነው። ሐሳቡ ቃል በቃል ካልተመዘገበ «ተመሳሳይ ነው»፣ «አይደለም» የሚለው ንትርክ ራሱ ስብሰባውን ይበላዋል። መለኪያው ጥያቄው እንጂ አጻጻፉ አይደለም። ለምሳሌ «የውጭ ኦዲተሩ ይቀየር» የሚለው ጠዋት ውድቅ ሆኖ ከሰዓት በኋላ «በአሁኑ የውጭ ኦዲተር ምትክ ሌላ ይቀጠር» ተብሎ ቢመጣ ያው በገሌ ነው። «የማንኛውም ኦዲተር የአገልግሎት ዘመን በሦስት ዓመት ይገደብ» ከተባለ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ያቀረቡት ያው ሰው ቢሆኑም ሊሰማ ይገባል።

በዚያው ስብሰባ ዳግም የቀረበ ከሆነ አጭር ብይን ይበቃል፦ «ይህ ሐሳብ ዛሬ ድምፅ ተሰጥቶበት ውድቅ ሆኗል፤ በዚህ ስብሰባ ሊቀርብ አይችልም።» አቅራቢው በብይኑ ላይ ይግባኝ ካለ ቦርዱ ድምፅ ይስጥበት። ድምፁ እኩል ለእኩል ቢሆን የሰብሳቢው ብይን ይጸናል። አንድ በር ብቻ ክፍት ነው፦ ውሳኔው እንደገና ይታይ ብሎ መጠየቅ። ይህንንም ማቅረብ የሚችለው ካሸነፈው ወገን ጋር ድምፅ የሰጠ አባል ነው፤ የተሸነፈው ራሱ አይችልም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሲመጣስ? ውይይቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ አባል «ጉዳዩ እንዳይታይ እቃወማለሁ» ሊል ይችላል። ተቃውሞው ደጋፊ፣ ማለትም «ይቅረብ» የሚል ሁለተኛ አባል፣ አያስፈልገውም፤ ክርክርም የለበትም፤ ወዲያውኑ ድምፅ ይሰጥበታል። ጉዳዩ እንዳይታይ ለማድረግ፣ በጠቅላላው ድምፅ ከሰጡት አባላት ሁለት ሦስተኛው ሊስማሙ ይገባል፤ ዘጠኝ ሰው ድምፅ ከሰጠ ስድስት ማለት ነው። ውይይቱ ከተጀመረ በኋላ ግን ይህ ዕድል ያመልጣል። በእኔ እይታ ከሁሉም የተሻለው መንገድ ይህ ነው። «ላልተወሰነ ጊዜ ይተላለፍ» የሚለው በአብላጫ ድምፅ ቢያልፍም በራሱ በጉዳዩ ላይ ክርክር ስለሚከፍት ሊያስወግዱት የፈለጉትን ነገር መልሶ ያመጣዋል። ወደ ኮሚቴ መምራትም አለ፤ ጉዳዩ በኮሚቴ እጅ እስካለ ድረስ ያንኑ ጥያቄ በቦርዱ ፊት እንደ አዲስ ማቅረብ አይቻልም።

«ደጋፊ የለውም» ብሎ መዝጋት የሚወዱ ሰብሳቢዎች አሉ። አባላቱ ከአሥራ ሁለት ያህል በማይበልጡበት አነስተኛ ቦርድ ግን በዚህ ሥነ ሥርዓት ደጋፊ ግዴታ አይደለም፤ የራሳችሁ ደንብ ካላዘዘ በቀር አያስኬድም።

አዲስ አኃዝ፣ አዲስ ውል ወይም አዲስ አባላት ካሉ ሐሳቡን ከመግፋት መስማት ይሻላል። ከስብሰባው በፊት አቅራቢውን «ካለፈው ወዲህ የተለወጠው ምንድን ነው?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። መልስ ያለው ሰው በጽሑፍ ያመጣዋል።

ነገሩ ወር በወር የሚመላለስ ከሆነ ልዩ የሥነ ሥርዓት ደንብ ያውጡ። አስቀድሞ ማስታወቂያ ተሰጥቶ በሁለት ሦስተኛ፣ ወይም ያለ ማስታወቂያ ከጠቅላላው አባላት በአብላጫው ይጸድቃል። እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «ድምፅ ተሰጥቶበት ውድቅ የሆነ ሐሳብ፣ አዲስ ማስረጃ ካልተያያዘ ወይም ከአባላቱ ሲሶው በጽሑፍ ካልጠየቀ፣ በስድስት ወር ውስጥ ዳግም አይቀርብም።» ስድስቱ ወር የሚቆጠረው የመጨረሻው ድምፅ ከተሰጠበት ቀን መሆኑንም በደንቡ ውስጥ ይጻፉ፤ ካልሆነ የሚቀጥለው ክርክር በቀን ቆጠራ ላይ ይሆናል።