ንቅለ ተከላ የምትጠብቅ ልጅን ቤት ውስጥ መንከባከብ

አራት ኪሎ ነው የምንኖረው። የ7 ዓመት ልጄ መቅኔዋ ጤነኛ የደም ሕዋስ ማምረት አቅቶታል፤ ሐኪሞቹ ማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድረም ይሉታል። ኬሞቴራፒ የታመሙትን ሕዋሳት ይቀንሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ የሚያድነው ግን የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው።

ወንድምና እህት ካሉ መቅኔ ሊሰጧት ይገጥሙ እንደሆነ ቶሎ ይመርመሩ። እያንዳንዳቸው ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከ4 አንድ ነው። አጎቶቿ ደም ሊሰጧት ተነስተው ሐኪሟ ከለከለቻቸው፤ የዘመድ ደም ሰውነቷ በኋላ የሚተከለውን መቅኔ እንዲገፋ ሊያደርግ ይችላል። እነሱም ሄደው ለሌላ ሕመምተኛ ለገሱ፤ እግዜር ይስጣቸው።

ከሁሉም በላይ ቴርሞሜትር ከእጃችሁ አይጥፋ። የእኛ ከትራሷ ሥር ነው። 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ታክሲ ጠርታችሁ ወደ ሆስፒታል፤ «እስኪነጋ እንይ» አይባልም። ነጭ የደም ሕዋስ ሲያንስ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሐኪም ሳታማክሩ በፓራሲታሞል ትኩሳቱን አትደብቁት። ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ሲያንስ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ደም መፍሰስን ስለሚያባብሱ ቤት አይግቡ። የጥርስ ብሩሹም ለስላሳ ይሁን።

እናቴ «ክትፎ ያበረታታታል» ትላለች። በደንብ የበሰለ ከሆነ እሺ፤ ጥሬና ለብለብ፣ ያልፈላ ወተትም አይሆንም። ጉንፋን የያዘው እንግዳ ከበር ይመለስ፣ አክስቷም ብትሆን።