ዛፍ ሲቆረጥ የወንዙን ውሃ ስንለካ የምንሠራቸው ስህተቶች

አዊ ዞን፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ አካባቢ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ዛፍ ይተክላል። ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ መሬቱን መልሶ ያርሳል። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ መትከልና መቁረጥ ከታች ያለውን ጅረት ምን ያደርገዋል? መልሱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አለካኩ ላይ ነው።

ከተቆረጠ በኋላ መጀመር። ጅረቱ ቀድሞ እንዴት እንደነበር ሳይታወቅ «ደፈረሰ» ማለት ከምን አንጻር ነው? ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምትና በጋ አስቀድሞ መለካት አለበት።

ማነጻጸሪያ አለመያዝ። ውሃው የደፈረሰው ዛፉ ስለተቆረጠ ነው ወይስ ዘንድሮ ዝናቡ ስለከበደ? ይህን የሚለየው ደኑ ያልተነካ፣ በአፈርም በተዳፋትም የሚመሳሰል ጎረቤት ጅረት ነው። አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሽር ውስጥ ባለው ሀባርድ ብሩክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 የአንድ ትንሽ ተፋሰስ ዛፎችን በሙሉ ቆረጡ። እንዳያቆጠቁጥም መድኃኒት ረጩበት። ከዚያ ውሃውን ካልተነካው ተፋሰስ ጋር አነጻጸሩ። ከአፈር ታጥቦ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው የናይትሮጅን ውሁድ፣ ናይትሬት፣ ለመጠጥ ከሚፈቀደው ወሰን አልፎ ተገኘ። ናይትሬት በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ የጠራ ውሃ ሁሉ ደህና ነው ብሎ መፍረድም ያው ስህተት ነው።

በጠራ ቀን ብቻ መቅዳት። ለእኔ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። የደጋው አፈር ታጥቦ የሚሄደው በክረምት ነው፤ ያውም ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ ማሳው ታርሶ ገና ቡቃያ ሳይሸፍነው። ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞልቶም ውሃው ጠራ ሊል ይችላል። ጎርፉ ከሰዓት በኋላ ይመጣና ሳይቆይ ያልፋል። በወር አንዴ፣ መኪና በተገኘ ቀን የሚቀዳ ናሙና ይህን ከየት ያገኘዋል? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተከፈቱት አማራ ክልል ያሉት የአንጀኒና የአንዲት ጥድ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች የያዙት መንገድ ጥሩ ነው፦ እዚያው አካባቢ የሚኖር ሰው ጎርፉ ሲደፈርስ ወርዶ በየደቂቃዎቹ ልዩነት ደጋግሞ ይቀዳል። ገንዘብ ካጠረ፣ ከመሣሪያው በፊት ለእንዲህ ያለ ሰው ደመወዝ ይያዝ እላለሁ።

ፍሰቱን መርሳት። በሊትር 2 ግራም ደለል የያዘ ውሃ በሰከንድ 500 ሊትር ከፈሰሰ፣ በሰከንድ 1 ኪሎ አፈር እየሄደ ነው። 10 ሊትር ብቻ ከፈሰሰ ግን 20 ግራም ነው። የላቦራቶሪው ውጤት ለሁለቱም አንድ ነው! ስለዚህ ሲቀዳ የውሃው ከፍታም አብሮ ይመዝገብ፤ ፍሰቱ የሚሰላው ከእሱ ነውና።

የለስላሳ ጠርሙስ አንስቶ መቅዳት። የቀረ ስኳር ውጤቱን ያበላሻል። ንጹሕ ጠርሙስ ይያዝ፤ በዚያው በወንዙ ውሃ ሦስቴ ይለቅለቅ። ቆሞ ሲቀዳ ፊት ውሃው ወደሚመጣበት ይሁን፤ አለዚያ በእግራችን የበጠበጥነውን ጭቃ ነው የምንቀዳው። ናሙናው ጥላ ውስጥ፣ በበረዶ ሳጥን ይጓዝ።

ሁሉን በዛፉ ማላከክ። ከሰል የሚጫንበት መንገድና ከብት ውሃ የሚጠጣበት መሻገሪያም ብዙ ደለል ያወርዳሉ። ከመሻገሪያው በላይና በታች ለየብቻ ሳይቀዱ ጥፋቱን ገበሬው ላይ መጫን ግፍ ነው።

ጅረቱ የሚገባበትን ሐይቅ ከዳር መለካት። ሞገድ ዳሩን ያደፈርሰዋል። ጣናን በመሰለ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ደግሞ ነፋስ ብቻውን የሥሩን ደለል ያነሳል። በጀልባ መሃል ገብቶ ከላይም ከታችም መቅዳት፣ የዕለቱን ነፋስም መጻፍ ያስፈልጋል።