በልጅነታቸው ከካንሰር የዳኑ ሰዎች ካደጉ በኋላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የልጅነት ካንሰር ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ ስጋቱ እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ደብረ ማርቆስ በነርስነት ስሠራ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

የሕክምና ወረቀትን መጣል፦ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ከደምበጫ አንዲት ወጣት ከእናቷ ጋር መጣች፤ ነፍሰ ጡር ናት፤ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። በልጅነቷ አዲስ አበባ ለካንሰር ታክማለች። ምን እንደተሰጣት ስጠይቅ እናትየው ቀደሙ፦ «ቀይ መድኃኒት ነበር እታለም፤ ሽንቷን ሳይቀር ያቀላው ነበር።» ወረቀቱስ? «እሱንማ ከሣጥን ውስጥ አይጥ በላው።» ደግነቱ ያቺ «ቀይ» የምትል ቃል ብዙ ነገረችን። እንደ ዶክሶሩቢሲን ያሉት ቀይ መድኃኒቶች ከዓመታት በኋላ ልብን ሊያደክሙ ይችላሉ፤ እርግዝና ደግሞ ለልብ ሸክም ይጨምራል። ያን ዕለት ወደ ልብ አልትራሳውንድ ላክናት። ምርመራው ግን ከማርገዟ በፊት መሆን ነበረበት። የበሽታውን ስም፣ የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን፣ ጨረር ያረፈበትን ቦታ የያዘውን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሡት፤ ለእኅት ወንድምም ላኩት።

ሕመምን ሁሉ በሥራ ማሳበብ፦ በአጨዳ ሰሞን ወገቡን የማያመው ማን አለ? የሥራ ሕመም ግን ሲያርፉ ይቀልላል። ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ሳምንታት የዘለቀ የአጥንት ሕመም፣ በተለይ የቀድሞው ዕጢ በነበረበት ቦታ ከሆነ፣ መታየት አለበት። ኢዊንግ ሳርኮማ የሚባለው የአጥንት ካንሰርና አንዳንድ የአንጎል ዕጢዎች ዘግይተው ከሚመለሱት ውስጥ ናቸው።

የድሮውን ብቻ መጠበቅ፦ በልጅነቷ ደረቷ ላይ ጨረር የተሰጣት ሴት አዲስ የጡት ካንሰር ሊይዛት ይችላል። የጡት ምርመራዋ በ25 ዓመቷ ወይም ከጨረሩ 8 ዓመት በኋላ፣ ከሁለቱ በዘገየው፣ ይጀመራል።

ከሐኪም መደበቅ፦ ሽማግሌ ሲላክ «ታማ ነበር» እንዳይባል ቤተሰብ ዝም ይላል። ለአማች መናገር አለመናገሩን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ለአዋላጇ ግን ንገሯት። ሁለቱም ዓይኖቹ ሬቲኖብላስቶማ በሚባለው የልጆች የዓይን ካንሰር ተይዘው የነበረ ሰው ለእያንዳንዱ ልጁ በሽታውን የሚያመጣውን ዘር የማውረስ ዕድሉ ግማሽ ነው፤ የሕፃኑ ዓይን እንደተወለደ ይመርመር።

ቀጠሮን ለጠበል ብሎ ማሳለፍ፦ ተጠመቁ፤ ቀጠሮውንም አክብሩ። አንዱ በግንቦት የወጣበትን የአንገት እብጠት ይዞ የመጣው ከመስቀል በኋላ ነበር።