የኢትዮጵያና የኤርትራን ጦርነት ለተማሪዎች ከየወገኑ እንዴት ማስተማር ይቻላል?

ዛሬ ክፍል ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. የተካሄደውን ጦርነት አላዩትም። አስተያየት ግን አላቸው፤ አንዱ ከአባቱ፣ ሌላዋ ከፌስቡክ የሰማችውን ይዛ ትመጣለች። ስለዚህ ትምህርቱ በክርክር ሳይሆን በሰነድ ይጀመር። 40 ደቂቃ የሚፈጁ ሦስት ክፍለ ጊዜያት ይመድቡ። በአንድ ቀን ልጨርሰው ካሉ ተማሪው የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ ደወል ይደወላል።

መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩን ያስተካክሉ። የኢትዮጵያ ሰነድ ግንቦት 1990 የሚለውን የኤርትራው ሜይ 1998 ይለዋል። ይባስ ብሎ 1998 በእኛ አቆጣጠር በጦርነቱ ለደረሰው ጉዳት ማን እንደሚጠየቅ የመረመረው የካሳ ኮሚሽን ውሳኔ የወጣበት ዓመት ስለሆነ ተማሪው ጅማሬውን ከፍርዱ ጋር ያምታታል። ሰሌዳው ላይ ሁለት ረድፍ ያስምሩ፣ ከላይ የኢትዮጵያን፣ ከታች የአውሮፓውያኑን ቀን ይጻፉ። እነዚህ ይበቃሉ፦ ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ሁለቱ አገሮች በተወዛገቡባት የድንበር ከተማ ባድመ አካባቢ የተነሳው ግጭት፣ ግንቦት 4 የኤርትራ ጦር ወደ ባድመ መግባቱ፣ ግንቦት 28 መቀሌና የአስመራ አውሮፕላን ማረፊያ በአንድ ቀን በአየር መደብደባቸው፣ ሰኔ 11 ቀን 1992 ተኩስ የማቆም ስምምነት፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ጦርነቱን በይፋ የቋጨው የአልጀርስ የሰላም ስምምነት፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1998 የካሳ ኮሚሽኑ ውሳኔ።

ከዚያ ለየቡድኑ (አምስት አምስት ተማሪ ቢሆን ጥሩ ነው) ከግማሽ ገጽ ያልበለጡ አራት ጽሑፎች ያባዙ፦ የሁለቱ መንግሥታት መግለጫ፣ ከኮሚሽኖቹ ውሳኔ የተቀነጨበ፣ የአንድ ሲቪል ምስክርነት። በሙዚቃ የታጀበ የዘመኑን የቴሌቪዥን ዘገባ ለመጀመሪያው ቀን አልመክርም፤ ተማሪው ማንበቡን ትቶ በስሜት ይነዳል።

አስቸጋሪው ቦታ «ማን ጀመረው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ሳያጠሩ ወደፊት መሄድ አይቻልም። ሁለቱም ኮሚሽኖች ከአልጀርስ ስምምነት የወጡ ናቸው፤ የቀረበላቸው ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። የድንበር ኮሚሽኑ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከጣሊያን ጋር በተፈረሙት ሦስት ውሎች (እ.ኤ.አ. 1900፣ 1902 እና 1908) መነሻነት መስመሩ የት እንደሆነ መረመረ፤ ባድመም በኤርትራ በኩል ወደቀች። የካሳ ኮሚሽኑ ደግሞ ኤርትራ ግንቦት 4 ቀን ኃይል በመጠቀሟ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ጥሳለች አለ፤ ቦታው ያኔ በኢትዮጵያ ሰላማዊ አስተዳደር ሥር ነበርና፣ የድንበር ይገባኛል ጦር ለማዝመት በቂ ምክንያት አይሆንምና።

ተማሪው እነዚህ እርስ በርስ የሚጣረሱ ይመስሉታል፤ ከዚያም ለወገኑ የሚመቸውን አንዱን ያነሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ደብተሩን ለሁለት ያስከፍሉት፤ በግራ «መሬቱ የማን ነው?»፣ በቀኝ «ኃይል መጠቀም ይፈቀድ ነበር?» ይጻፍ። ከአራቱ ጽሑፎች የሚያወጣው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ ሥር ይግባ። የማይገባ ካለ ስድብ ወይም ሙገሳ ሊሆን ስለሚችል አብረው ያንብቡት። አንድ ሕግም ያክሉ፦ አንዱን ውሳኔ የጠቀሰ ተማሪ ሌላውንም አያይዞ ይናገር።

ጊዜ ከተረፈ የድንበር ኮሚሽኑን የ1994 ውሳኔ ማግስት ያሳዩ። ጽሑፉ ባድመ በየትኛው ወገን እንደምትውል በስም ለይቶ ስላልተናገረ ሁለቱም መንግሥታት አሸነፍን አሉ። ነገሩ የጠራው በመጋቢት 1995 ኮሚሽኑ ማብራሪያ ሲሰጥ ነው። አንድ ሰነድ ለሁለት ሲነበብ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የመንግሥታት ብቻ እንዳይሆን። በካሳ ኮሚሽኑ ውሳኔ፣ በመቀሌ አይደር ትምህርት ቤት ላይ በክላስተር ቦምብ የደረሰው ጥፋት ኤርትራን፣ ኤርትራ ውስጥ ሰንዓፈ አጠገብ ያለው ጥንታዊው የመጠራ ሐውልት መፍረስና የአንዳንድ ሰዎች ዜግነት በዘፈቀደ መነጠቅ ኢትዮጵያን ተጠያቂ አድርገዋል። ከየአገሩ የተባረሩ ቤተሰቦች፣ የድንበሩ መስመር ለሁለት የሚከፍላቸው የኢሮብ ሰዎችም (በትግራይ ድንበር የሚኖሩ ሕዝብ) አሉ። የሟቾች ቁጥር ሲነሳ ማን እንደተናገረው አብሮ ይጻፍ፤ ኤርትራ ስለራሷ ወታደሮች የሰጠችው 19,000 እና ለሁለቱም ወገን የሚገመተው ከ70,000 እስከ 100,000 የሚለው አንድ ነገር አይቆጥሩም።

«አንተ ኤርትራን፣ አንቺ ኢትዮጵያን ሁኑ» የሚለውን ድራማ ይተዉት። የሟች ወይም የተባረረ ሰው ልጅ ክፍሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ በተለይ ትግራይ ውስጥና የሁለቱ አገር ልጆች አብረው በሚማሩባቸው እንደ ዋሽንግተን ባሉ ከተሞች። ማንንም ተማሪ «እናንተ ዘንድ ምን ይባላል?» ብለው አይጠይቁ። ለወላጆች ከሳምንት በፊት አጭር ደብዳቤ ይላኩ። ጥያቄዎችን ስም በሌለው ወረቀት ይሰብስቡና መርጠው ራስዎ ያንብቡ።

ለምዘና አቋም የሚጠይቅ ድርሰት አይስጡ፤ ተማሪው የመምህሩን ሐሳብ ገምቶ ይጽፋል። ይልቅ አንድ ገጽ ያስጽፉ፦ ግንቦት 28 ቀን 1990 የሆነውን መቀሌ ያለ ሰው እንዴት እንደሚተርከው፣ አስመራ ያለውስ፣ ሁለቱ የሚስማሙበት የትኛው ነው፣ የማይስማሙበትን ለመለየት ምን ሰነድ ያስፈልጋል? ከ10 ማርክ አራቱን ለመጨረሻው ጥያቄ ይያዙ።