በጃፓን ንጉሣውያን የተፈረመ ፎቶ ወይም ሰነድ ከመግዛታችሁ በፊት

መጀመሪያ ዘመኑን ቁጠሩ። በሰነዱ ላይ ያለው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ቁጥር ነው፤ ሜጂ፣ ታይሾ፣ ሾዋና ሄይሴይ የእነዚህ ዘመናት ስሞች ናቸው። በሜጂ ላይ 1867፣ በታይሾ ላይ 1911፣ በሾዋ ላይ 1925፣ በሄይሴይ ላይ 1988 ስትደምሩ የፈረንጆቹን ዓመት ታገኛላችሁ። ሾዋ 15 ማለት 1940 ነው። ሾዋ 64 ግን ሰባት ቀን ብቻ ነው የቆየው፤ የሾዋ ዘመን ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ጃንዋሪ 7 ቀን 1989 አርፈዋል።

ብዙ ሰው የሚታለለው ፊርማው ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የሚፈርሙት በግል ስማቸው ነው፤ «ሾዋ ንጉሠ ነገሥት» የሚለው ስም ለሂሮሂቶ የተሰጠው ካረፉ በኋላ ስለሆነ፣ እንዲህ ተብሎ የተፈረመ ፎቶ ካያችሁ ሐሰት ነው። ቀይ ማኅተም ብቻውን ፊርማ አይደለም፤ በፊርማ ዋጋ አትግዙት። ከ1874 ጀምሮ የሚሠራበት የንጉሠ ነገሥቱ የወርቅ ማኅተም ጎኑ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሰነዱ ላይ ያረፈውን ቀይ ምልክት ማስመሪያ አስጠግታችሁ ለኩት።

አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ፊርማውን እዩ። የቀለሙ መስመሮች በሚገናኙበት ቦታ አንዱ በሌላው ላይ ሲያልፍ መታየት አለበት፤ ጥቃቅን ነጠብጣብ ብቻ ካያችሁ የታተመ ነው። «የ1930» የተባለ ፎቶ ወረቀቱ በአልትራቫዮሌት መብራት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ፣ እንዲህ የሚያበራው ወረቀት ማንጫ ኬሚካል ወደ ፎቶ ወረቀት የገባው በ1950ዎቹ ስለሆነ ቅጂ ነው።

የሂሮሂቶ ልጅ አኪሂቶ በ1960 ኢትዮጵያን የጎበኙት በአልጋ ወራሽነት ነው፤ የዚያ ጉዞ ፎቶ «ንጉሠ ነገሥት» ተብሎ ከቀረበላችሁ ሻጩን ጠይቁት። ፎቶው የተለጠፈበትን ካርቶን ደግሞ በፍጹም አትቁረጡ፤ የፎቶ ቤቱ ስምና የንጉሣዊው ቤተሰብ መለያ የሆነው የክሪሳንተመም አበባ ምልክት እዚያው ላይ ነው፣ ከተቆረጠ ዋጋው ይወርዳል።