የሠራተኛን ወገብ መጠበቅ ያዋጣል ወይ? ሒሳቡን እንዲህ ሥሩ

የእህል መጋዘን ወይም የሲሚንቶ መሸጫ ያለው ሰው «ጋሪ ግዛ» ሲባል ቶሎ የሚታየው የጋሪው ዋጋ ነው። ሳይገዛ ሲቀር ሠራተኞቹ ወገባቸውን በተጎዱ ቁጥር የሚከፍለው አይታየውም። ሁለቱን ለማነጻጸር ደብተርና ካልኩሌተር ይበቃል።

1. ሸክሙን ለዩ። ማን፣ ምን ያህል ኪሎ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያነሳ ጻፉ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቋም ናዮሽ፣ ሁሉ ነገር ሲመቻች እንኳ አንድ ሰው እንዲያነሳ የሚመክረው ከፍተኛ ክብደት 23 ኪሎ ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው።

2. የተጎዱትን ቁጠሩ። ከባዱ ይሄ ነው። የሕመም ፈቃድ ፋይል ብቻ አገላብጣችሁ «እኛ ጋ ችግር የለም» እንዳትሉ። የቀን ሠራተኛ ወገቤን አመመኝ ካለ ነገ እንደማይጠራ ያውቃል። ቋሚውም ማስታገሻ ውጦ ይገባል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዎቹን እዩ። ምሳ በልቶ ሲነሳ ግድግዳ የሚይዝ አለ። መሬት የወደቀ ስልኩን ለማንሳት ጎንበስ ማለት አቅቶት በአንድ ጉልበቱ የሚንበረከክ አለ። ከዚያ ለየብቻ ጠይቋቸው፤ ስም አትጻፉ። «ታመሃል?» ካላችሁት «ኧረ ደህና ነኝ» ይላችኋል። «ጠዋት ጫማህን ስታስር ወገብህን ይይዝሃል? በዚህ ምክንያት የቀረህበት ቀን አለ?» ስትሉት ግን ያወራል። ጠያቂው ፎርማኑ ባይሆን ጥሩ ነው። ሥራ የሚያከፋፍለው እሱ ነዋ!

3. የአንዱን ጉዳት ዋጋ አውጡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ለስድስት ወር ከግማሽ ያላነሰ ይከፈላል። ሕክምናውም በአሠሪው ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የተኛውን ሰው ደመወዝም የተተኪውን ክፍያም ይደምራል። ደመወዙ እኮ ሰውየው ጤነኛ ቢሆንም ይከፈል ነበር። በጉዳቱ የተጨመረው ወጪ ተተኪውና ሕክምናው ነው። ተተኪ ካልቀጠራችሁ ደግሞ ሳይሠራ የቀረውን ሥራ ቁጠሩ።

ለምሳሌ ተተኪው በቀን 400 ብር ለ50 ቀን ቢሠራ 20,000 ብር ነው። ሕክምናው 10,000 ቢሆን አንዱ ጉዳት 30,000 ብር ወሰደ። በዓመት አራት ሰው ቢጎዳ 120,000።

4. የመከላከያውን ዋጋ አውጡ። ከዕቃው ዋጋ ሌላ ጥገናውንና ወለል ማስተካከያውን ጨምሩ። ወለሉ ጎርበጥባጣ ከሆነ ሃንድ ፓሌት (በእጅ የሚጎተት ዕቃ ማንሻ ጋሪ) አይሄድም፤ ጥግ ቆሞ አቧራ ይጠጣል። የወገብ ቀበቶ ላይ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ ጉዳት እንደሚከላከል አልተረጋገጠም። «አነሳስ እናሠልጥናቸው» የሚለውም ከረጢቱ ያው 50 ኪሎ ከሆነ ብቻውን ብዙም አይፈይድም።

5. አነጻጽሩ። ዕቃው ጉዳቱን ሁሉ ያስቀራል ብላችሁ አታስቡ። ሲሶውን ብቻ ያስቀራል ብላችሁ ጀምሩ፤ ከላይ ባለው ምሳሌ በዓመት 40,000 ብር ነው። ዕቃው 60,000፣ ጥገናው በዓመት 3,000 ቢሆን ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ዋጋውን ይመልሳል። ሲሶው ብዙ ከመሰላችሁ በሩቡ ደግማችሁ ሥሩት፤ በሁለት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ይመልሳል።

በብር የማይተመነውን ከሒሳቡ አታውጡ፤ ለብቻው ጻፉት። ማታ ቤቱ ገብቶ ልጁን ማቀፍ የማይችል አባት በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይገኝም። ለባለቤቱ ስታቀርቡ ይህን ገጽ ከቁጥሩ ጋር አያይዙት። ዕቃው ከተገዛ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ለእነዚያው ሰዎች አቅርቡ፤ ሲሶ ያላችሁት ግምት ልክ መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው።